ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ፦ የፈረስ ላይ ጨዋታ ታሪክና እኛ

ባለፈው ዓመት፣ ከበዓላት በኋላ እስከ ፔሳሕ ድረስ፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት የማኅበራችንን ልጆች ይዤ ወደ አንድ የፈረስ እርሻ እሄድ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ስምንት ድንክ ፈረሶች (እዚህ ሁሉም ሰው «ፖኒ» ነው የሚላቸው)፣ ድምጿ ከመንገድ የሚሰማ አንዲት አሠልጣኝ። ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። አምስት ዘንጎች በአንድ መስመር ይተከላሉ፤ ልጁ በመካከላቸው እየተጥመዘመዘ ይጋልባል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ የያዘውን በትር ለሚቀጥለው ልጅ ያቀብላል። አራተኛ ልጁ ቀድሞ መስመሩን ያለፈለት ቡድን ያሸንፋል። ሌላም አለ፦ ከፈረሱ ሳይወርዱ ባንዲራ ከአንድ ቦታ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል፣ ኩባያን ከአንዱ ዘንግ ጫፍ ወደ ሌላው ማዛወር፣ ወርዶ ፈረሱን በዛብ እየሳቡ በተደረደሩ ባልዲዎች ላይ እየረገጡ መሮጥና እንደገና ዘሎ መፈናጠጥ።

ወላጆች ከአጥሩ ውጪ ቆመው ያያሉ። ቡና በቴርሞስ ያመጡ አሉ፤ ስልክ የደቀኑ አሉ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዱ አባት ልጁ ባንዲራውን ነቅሎ ሽምጥ ሲመለስ አይቶ አጥሩን በመዳፉ መታና «ይሄማ ጉግስ ነው! ጉግስ እኮ የእኛ ጨዋታ ነው፤ እነሱ ከየት አመጡት?» አለ። አጠገቡ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ፣ የአንዷ ልጅ አያት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «የማን? እኔና አባትህ ከዋርካው ሥር ቆመን ነው ያየነው። ማን ሜዳ አስገባን?» አሉት።

«ኧረ አባ፣ አንቱ ደግሞ! ቅድመ አያቴ ፈረስ ነበረው ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ፈረስ ነበረው ማለትና ጉግስ ተጫወተ ማለት አንድ ነው እንዴ?»

ነገሩ ጦፈ። ሌሎቹም ገቡበት። ልጆቹ ፈረሶቹን አቁመው ወደ አጥሩ ያያሉ፤ አሠልጣኟም ምን እንደሆነ አልገባትም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «አዝ ምንድን ነው? የእኛ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ዘግይቼም ቢሆን።

ልጆቻችን የሚጫወቱት ጨዋታ በዛሬ መልኩ የተሠራው እንግሊዝ አገር ነው። ሥሩ ግን ሕንድ ድረስ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የሰፈሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና ሕንዳውያን ፈረሰኞች ከሥራ ነፃ ሲሆኑ ሜዳ ወጥተው ይፎካከሩ ነበር። አንዱ ጨዋታ በሽምጥ ግልቢያ መሬት ላይ የተቸከለ እንጨት በጦር ወግቶ መንቀል ነው። የእንዲህ ዓይነቱ የፈረስ ጨዋታ ቀን መጠሪያ የሆነው «ጂምካና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ከሕንድ የመጣ ነው። ነገሩ መዝናኛ ይምሰል እንጂ የወታደር ልምምድ ነበር፤ ፈረሱ በግርግር መካከል እንዲታዘዝ፣ ሰውየው በአንድ እጁ ዛብ በሌላው መሣሪያ ይዞ እንዳይወድቅ የሚያለማምድ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጉግስ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እንግሊዝ አገር በ1929 (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እዚህ በለመድነው አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለወጣቶች «ፖኒ ክለብ» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ልጆች መጋለብ ብቻ ሳይሆን ፈረስ መመገብ፣ ማጽዳት፣ ኮቴውን መንከባከብ እንዲማሩ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው። በዚያን ጊዜ ግን ትልልቆቹ ውድድሮች ጥሩ ዘር ያለው፣ ውድ ፈረስ ይፈልጉ ነበር፤ አባቱ ባለ ጠጋ የሆነ ልጅ ያሸንፋል፣ ተራ ፖኒ ያለው ከዳር ያያል። የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ ለእነዚህ ለሁለተኞቹ ልጆች የሚሆን የቡድን ውድድር እንዲፈጠር ፈለጉ። ሐሳቡን ያቀረቡት ለኮሎኔል ማይክ አንሰል ነው።

ስለ እኚህ ሰው ትንሽ ልበል። አንሰል የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበሩ። በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነት ቆስለው ተማረኩ፤ የዓይናቸውንም ብርሃን አጡ። አገራቸው ሲመለሱ ግን ቤት አልተቀመጡም። ዓይነ ስውር ሆነው የአገራቸውን የፈረስ ዝላይ ስፖርት ከጦርነቱ በኋላ መልሰው ያቋቋሙት፣ በ1949 የተጀመረውንና በየዓመቱ የሚደረገውን ታላቅ የፈረስ ትርኢት የመሩት እሳቸው ናቸው። የልዑሉን ሐሳብ ተቀብለው የድሮውን የጂምካና ጨዋታ ለልጆች በሚሆን መንገድ አዘጋጁት። «የልዑል ፊሊፕ ዋንጫ» የሚባለው የመጀመሪያ ውድድርም በ1957 በዚያው ትርኢት ላይ ተደረገ።

የልዑል ፊሊፕ ስም ለእኛ ከፈረስ ውጪም የሚያገናኘን ነገር አለው። እናታቸው ልዕልት አሊስ በናዚ ወረራ ጊዜ አቴንስ ውስጥ አንድ የአይሁድ ቤተሰብ ቤታቸው ደብቀው አትርፈዋል። ያድ ቫሼም «ከአሕዛብ ጻድቃን» መካከል ቆጥሯቸዋል፤ መቃብራቸውም እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ደብረ ዘይት ላይ ነው። ልዑሉ በ1994 ወደ ያድ ቫሼም መጥተው ነበር። ከጨዋታው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ቢሆንም ልጆች ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ቢያውቁት ብዬ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ። ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጨዋታው ለማን እንደተሠራ የሚናገረው ደንቡ ነው። ፈረሱ ከ148 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የሚለካውም ከመሬት እስከ ትከሻው ነው። አንድ ቡድን እስከ አምስት ልጆችና አምስት ፖኒዎች ይኖሩታል፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ አራቱ ይገባሉ። ወንድና ሴት ብሎ መለየት የለም፤ በአንድ ቡድን አብረው ይጋልባሉ። አለንጋ ክልክል ነው፤ ከጫማ ተረከዝ ላይ የሚታሰረው መውጊያ ብረትም ክልክል ነው። ስለዚህ ፈረሱን በግድ ማስሮጥ አይቻልም፤ ከእሱ ጋር መግባባት ነው ያለው። የመጨረሻው ጋላቢ ባርኔጣው ላይ ነጭ መቀነት ያስራል፣ ዳኞች እንዲለዩት።

እኔ ከሁሉ የምወደው አንዱን ነው። ልጁ ባንዲራውን ቢጥል፣ ኩባያው ቢወድቅበት፣ ዘንግ ቢስት ወዲያው ከጨዋታ አይወጣም። ተመልሶ ያርመዋል። ወርዶ ያነሣል፣ ይፈናጠጣል፣ ይቀጥላል። ቡድኑ የሚሰረዘው ስሕተቱን ትቶ የሄደ እንደሆነ ነው። በዚህ ምክንያት ፈጣኑ ቡድን ሁልጊዜ አያሸንፍም። ቀስ ብሎ ያልጣለ፣ ጥሎም ሳይደነግጥ ያነሣ ያሸንፋል። የእኛ ልጆች ይህን እስኪገባቸው ድረስ አንድ ወር ሙሉ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ነበር የከረሙት።

እንግሊዝ አገር ውድድሩ የራሱ ወቅት አለው። ጸደይ ላይ ቅርንጫፎች በየአካባቢያቸው ይወዳደራሉ። ያለፉት በጋ ላይ ሰፋ ባለ ክልል ይገናኛሉ። ከዚያ ስድስት ቡድኖች ብቻ ይቀሩና በጥቅምት በታላቁ ትርኢት ላይ፣ በመብራት ሥር፣ በብዙ ሕዝብ ፊት ይጫወታሉ። እዚህ በጋው ስለማያስጋልብ የእኛን አሠልጣኝ ወቅቱን ገልብጣዋለች፤ ክረምቱ ነው የእኛ ወቅት። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ ነው፣ እናቶች ያውቁታል።

እውነቱን ለመናገር «ለተራ ልጅ» ተብሎ የተጀመረው ጨዋታ ዛሬም ያለ ገንዘብ አይሆንም። ሠልጥኖ ያለቀ የጨዋታ ፖኒ ርካሽ አይደለም። እኛም ብንሆን ማኅበሩ ግማሹን ባይችል ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ልጆች ስንቱ ይመጣ እንደነበር አላውቅም። ግን የተጀመረበት ሐሳብ አልጠፋም፦ ከዳር የሚያይ ልጅ ይግባ።

አሁን ወደ ጉግስ እንምጣ። ላላያችሁት ልጆች ልንገራችሁ። በሁለት ወገን የተሰለፉ ፈረሰኞች አሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ከኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ በክብ የቆዳ ጋሻው ይመክታል። ከዚያ ይገለበጣል፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። ፈረሱ ሽልም ያለ ነው፤ ግላስ ለብሶ፣ ልጓሙ ላይ ጌጥ ተንጠልጥሎበት። ጋላቢው ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን ነው፤ የድሮው እርካብ ጠባብ ስለነበረ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነበር።

ጉግስም እንደ ሕንዱ ጨዋታ የጦር ልምምድ ነው። ማሳደድ፣ መሸሽ፣ ወደ ኋላ መመከት፣ ሁሉም የጦር ሜዳ ሥራ ነው። መኳንንቱና ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ የነበረውም ለዚህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። በ1896 ዐድዋ ላይ ፈረሰኛው ጦር፣ በተለይም የኦሮሞ ፈረሰኞች፣ የሠሩት ሥራ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ፈረስ ቁመቱ ከ148 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። በእንግሊዙ ደንብ ቢለካ እነዚያ የዐድዋ ፈረሶች «ፖኒ» ናቸው ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «እንግዲያው ሾኮም ጦር ሜዳ መሄድ ይችል ነበር» አለ። ሾኮ ከስምንቱ ፈረሶች በጣም አስቸጋሪው ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን።

ታዲያ ጉግስ የማን ነበር? ጨዋታው ነፃ ነው፣ ማንም አይከለከልም፣ ሊባል ይችላል። ግን ፈረስ የሚበላው መሬት ነው። ሣር ይፈልጋል፣ ገብስ ይፈልጋል፣ የሚጠብቀው ልጅ ይፈልጋል። እንደ በሬ አያርስ፣ እንደ አህያ ጭነት አይዞርበት። ስለዚህ ፈረስ የሚያቆም ሰው ወይ ባለ ርስት ነው፣ ወይ በወታደርነቱ መሬት የተሰጠው ነው። የጉግስ ሜዳ ደግሞ የሚሞላው በበዓል ቀን ነው፤ በጥምቀት፣ በገና፣ በመስቀል። አዲስ አበባ ላይ ጃን ሜዳ የታወቀው በዚህ ነው። ሁለቱን ስናስተያያቸው የሽማግሌው ቃል ይገባናል። ቤተ እስራኤል ርስቱን ያጣ ሕዝብ ነው፤ በዓሉም የእሱ አይደለም።

ርስቱ የተነጠቀበት ዘመን በባህላችን ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማለት ነው። ክርስትና ያልተቀበለ የአባቱን መሬት አይወርስም ተባለ። በሰሜን ተራሮች የነበረው ወገናችን ግን ከዚያም በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ራሱን ችሎ ቆየ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘመቱበት፤ ያ ነፃነት በመጨረሻ ያከተመው በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ያ ሁሉ ውጊያ የአምባ ውጊያ ነበር። በገደል ላይ ፈረስ ምን ያደርጋል? ድንጋይ ነው የሚንከባለለው። ስለዚህ አባቶቻችን ጀግኖች ነበሩ ስንል የፈረስ ጀግንነት አድርገን ባንስለው ይሻላል፤ የእግረኛ ጀግንነት ነው፣ ለዚያውም ዳገት ላይ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያልቅም፤ እዚህ ላይ ነው አጥሩን የመታው አባት ትንሽ የሚረታው። በ1636 ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከተማ ካደረጉ በኋላ የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ለግንቡ ሥራ ተፈለጉ፤ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ አንጥረኞች። ወታደር ሆነው ነገሥታቱን ያገለገሉም ነበሩ፤ ከእነሱም ማዕርግና መሬት ያገኙ ነበሩ። ወታደርና ባለ መሬት የነበረ ሰው ፈረስ አልነበረውም ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ «ቅድመ አያቴ ፈረስ ነበረው» የሚለው ወሬ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ያ ደህና ዘመን ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ተበላሸ። ነገሥታቱ ደከሙ፣ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ፣ ማዕርጉም መሬቱም ሄደ። የቀረው እጅ ብቻ ነው።

ጎንደር የሄዳችሁ፣ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ አንዲት ክብ የድንጋይ ቤት አይታችሁ ይሆናል። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል። በግቢው ውስጥም የዐፄ በካፋ የፈረስ ጋጣ አለ፣ ከድንጋይ የተሠራ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን አልደብቅም፦ ግንበኛው ማን እንደሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ የፈረሱ ስም ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

እጅ ያልኩት ለምክንያት ነው። ኋላ ኋላ የቤተ እስራኤል መተዳደሪያ ቀጥቃጭነት፣ ሸማ ሥራና ሸክላ ሆነ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጦሩ፣ የፈረሱ ልጓም የሚወጣው ከቀጥቃጩ ወናፍ ነው። ጉግስ ተጫዋቹ ልጓሙን ያሠራው ማን ዘንድ ነው? ሠርቶ ለሰጠውስ ምን መለሰለት? «ቡዳ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቀን እሳቱ ዳር ተቀምጦ ብረቱን ይጠብቃል፣ ማታ «ጅብ ሆኖ ይዞራል» ይለዋል። ይህን ለልጆች መንገር ይከብዳል፣ ግን ካልነገርናቸው ሽማግሌው ለምን እንደዚያ በመረረ ድምፅ እንደተናገሩ አይገባቸውም።

ደግሞ ፍርድ ላለማጉደል፣ አጥሩን የሠራው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የእኛ ሰዎችም የንጽሕና ሕጋቸውን ይጠብቁ ነበር። ክርስቲያኑን አይነኩም፣ አብረው አይበሉም፣ ሲነኩ ውኃ ይወርዳሉ፤ «አትንኩኝ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። በጥምቀት ቀን ሜዳ መካከል ገብቶ ከክርስቲያን ፈረሰኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ቢፈቀድለት እንኳ፣ ኬሱ ምን ይሉት ነበር? አንዱ ስላልተጋበዘ፣ አንዱ ስላልፈለገ፣ ሁለቱም ተደምረው ዋርካው ሥር አቆሙን። ሽማግሌውን ቆይቼ ስጠይቃቸው ይህን አልካዱም። «እኛም እኮ ኩራት ነበረን» ነው ያሉኝ።

ሌላ የሚረሳ መንገድ ደግሞ አለ፤ አገው። አባቶቻችን አማርኛና ትግርኛ ከመናገራቸው በፊት ይናገሩት የነበረው የአገው ቋንቋ ነው። ቋርኛው ጠፋ እንጂ በጸሎታችን ውስጥ የአገውኛ ቃል ዛሬም አለ፤ ኬሶቹን ጠይቁ። በጎጃም በኩል ያሉት የአዊ አገዎች ደግሞ ፈረስን ልዩ ነገራቸው አድርገው የያዙ ሕዝብ ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1940 ተቋቁሞ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ያከብራል። አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሽርጥ ጉግስ አለ፣ ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ ልጆችም ከአባቶቻቸው ጋር ይጋልባሉ። የእነሱ ቋንቋና የእኛው ቋርኛ አንድ ባይሆኑም ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ጉግስን የእኛ ያደርገዋል? አያደርገውም። ግን ፈረሰኛ ሲባል ሁልጊዜ «ሌላ ሰው» ብለን ማሰቡ ትክክል እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ለልጅቷ የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ጉግስ የተወለድንበት አገር ጨዋታ ነው። ከእኛ መካከል ፈረስ የነበራቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ከዳር ሆነው ነው ያዩት፤ ልጓሙን ሠርተው ፈረሱን አልጋለቡም። አያትሽም ያ አባትም አልዋሹም። አንዱ የሚናገረው ስለ ጥንቱ ነው፣ አንዱ በዓይኑ ስላየው።

ወደ ወቅቱ ልመለስ፤ ስለ ሾኮ ቃል ገብቻለሁና።

ሾኮ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጋማው ዓይኑን የሸፈነ ፖኒ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ሸጋ ነው። ዘንጎቹ ጋ ሲደርስና ልጅቷ ዛቡን ስትስብ ግን ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ዘንጉን ይስታል። ስቶ መመለስ ይፈቀዳል፤ ግን አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ሲመለስ የሌላው ቡድን ጨርሶ ውኃ ይጠጣል። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ሾኮ የደረሰው ለዚያችው ለጠያቂዋ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ አልቅሳለች። የቡድኗ ልጆች «ሾኮን አንፈልግም» አሉ። እርሻው ቤት የሚሠራ አንድ ወጣትም «ግትር ነው፣ ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው» አላት። ስትስበው ባሰበት።

የመጨረሻው ጨዋታ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት አያቷ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ሾኮ ራሱን ሲወረውር ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉና በበሩ ዞረው ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። አሠልጣኟ «ሳባ፣ ሳባ፣ አይቻልም!» እያለች መጣች። እሳቸው ዕብራይስጡን የሰሙ አልመሰሉም። የሾኮን አንገት ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን በከንፈሩ ጥግ አስገቡ፤ ፈረሱ አፉን ከፈተ። ዝም ብሎ ቆመ። ብረቱን ወደ ግራ ሳቡት፣ ወደ ቀኝ ሳቡት። ከዚህም ከዚያም አንድ ጣት የሚያህል ተርፎ ይወጣል።

«ይሄ ልጓም የዚህ ፈረስ አይደለም» አሉኝ። «ሰፊ ነው። ሲስቡት ይሄዳል፣ ከንፈሩን ይቆነጥጠዋል፣ ላንቃውን ይወጋዋል። ምን ያድርግ? የእኛው ቀለበት ነበረው፣ አገጩን ይይዛል፤ እሱም ቢሆን ለእያንዳንዱ አፍ በልኩ ነው የሚመታው። አባቴ ፈረሱን ሳያይ ልጓም አይሠራም ነበር። ባለ ፈረሱ ‹በቃ ሥራው› ቢለው እንኳ፣ ‹ፈረሱን አምጣው› ነው የሚለው።»

ለአሠልጣኟ ተረጎምኩላት። መጀመሪያ ሣቅ ብላ ነበር፤ ከዚያ ራሷም በጣቷ ለካችውና ዝም አለች። ወደ ዕቃ ቤት ሄዳ ሦስት ልጓም ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌው አንድ በአንድ በመዳፋቸው መዘኑ፣ አንዱን በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ ወደ ብርሃን አንሥተው መገጣጠሚያውን አዩና «ይሄኛውን» አሉ። ሲያስገቡለት ልጅቷ ጋማውን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

በዚያ ቀን ሾኮ አንድ ዘንግ ሳተ። አንድ ብቻ። ልጅቷ መልሳው አረመችና ጨረሰች። ቡድኗ ሁለተኛ ወጣ። ሽማግሌው ከሜዳው አልወጡም፤ አሠልጣኟ የሌሎቹን ሰባት ፈረሶች አፍ እንዲያዩላት እየጎተተች ይዛቸው ዞረች፣ እኔም ከዘራቸውን ይዤ ከኋላ።